«ትንሽ ታሟል» ብዬ ጻፍኩ

አጥናፉን የገደልኩት እኔ ነኝ። በጥይትም በዱላም አይደለም፤ በግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ «ወገዳ ላይ ቁጭ ብሎ ልጆች የሚያስተምረው አጥናፉ ታዲያ ማነው?» ይለኛል። እሱ ነው፤ ሌላ አጥናፉ የለም። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና በእሱም ሆነ በእኔ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

ስሜ ተክሌ ነው፤ የእስቴ ሰው ነኝ። ከአጥናፉ ጋር የተዋወቅነው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ ድጓ ስንማር ነው። እሱ የስማዳ ልጅ ነው፤ አገሩ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ያስኬዳል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፀ መልካም ነበር። ቀለም ይገባዋል። ግን ቂመኛ ነው። ቂም የሚይዝ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ቂምን እንደ ጥጃ ቀልቦ የሚያሳድግ ግን ከእሱ ሌላ አላጋጠመኝም። የሰኞን ነገር ለዓርብ ያስቀምጠዋል፤ ዓርብ ሲደርስ ደግሞ «ገና አልበሰለም» ብሎ ለፋሲካ ያሳድረዋል።

ትልቁ ቂሙ በአጎቱ በደምሌ ላይ ነበር። ደምሌ የአባቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ የመሬት ድንበር ተጣልተው ደብረ ታቦር ድረስ ሲካሰሱ ኖሩ። ታላቅየው በሐምሌ ዝናብ ለቀጠሮ ሄዶ ሲመለስ ብርድ መታውና በሳምንቱ ሞተ። አጥናፉ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ሽማግሌ ገባ፤ ደምሌ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ የሟቹ ሚስት እግር ላይ ወደቀ። እመት ይታይሽም፣ የአጥናፉ እናት፣ «እግዜር ይቅር ይበልህ» ብለው አነሡት። እንጀራ ተቆርሶ አብረው በሉ። አጥናፉ ግን አልበላም።

«እናቴ ይቅር ብላለች፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» ይለኝ ነበር።

ድጓውንም የተማረው ለዜማው ብሎ አይመስለኝም። «እማራለሁ፤ ሕግ አገላብጣለሁ፤ አንድ ቀን ደምሌን በአገር ሰው ፊት አንገቱን አስደፋዋለሁ» ይል ነበር። እኔም ወጣት ነበርኩና ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። በቀል በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ጨዋታ ነው።

በ1942 ዓ.ም. መባቻ ከየአድባራቱ ተማሪ ተመርጦ ወደ ግብፅ ይላክ ተባለና የእኔና የእሱ ስም ወጣ። እመት ይታይሽ ልጃቸውን ሊሰናበቱ ከስማዳ ቤተ ልሔም ድረስ ሁለት ቀን በእግራቸው መጡ። አጭር፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ እጃቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። አጥናፉ አንድ ልጃቸው ነው። በሶውን በስልቻ፣ የደረቀ ኮሶ ደግሞ በጨርቅ ቋጥረው አመጡለት። «ሰው አገር ሥጋው ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ በየሁለት ወሩ ጠጣ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተክልዬ፣ ይኸ ልጅ ወረቀት አይጽፍም። ቢከፋውም ቢደላውም አንተ ጻፍልኝ፤ አደራህን።»

እሺ አልኳቸው።

በአዲስ አበባ አድርገን፣ በባቡር ጅቡቲ ወርደን፣ ከዚያ በመርከብ ስዊዝ፣ ከስዊዝ ካይሮ ገባን። የተሰጠን መኝታ ከሦስት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ላይ ነበር፤ መጸዳጃው ደግሞ ምድር ቤት። ይህን ቤት የሠራው ሰው ሆዱን ታሞ አያውቅም። ውሃው ከግድግዳ ውስጥ ይመጣል። አጥናፉ የመጀመሪያውን ቀን ቧንቧው ሲከፈት አማተበ፤ በሁለተኛው ቀን ግን በሁለት እጁ እየቀዳ እስኪጠግብ ጠጣ። ምግቡ ጧት ፉል፣ ማታ ፉል ነው። መንገድ ላይ ስንወጣ የሰፈር ልጆች «ሐበሺ! ሐበሺ!» እያሉ ነጠላችንን ይጎትታሉ። ድጓ በቃሉ የያዘ ሰው፣ ቤተ ልሔም ተነሥቶ ሲመራ ሽማግሌ የሚያስለቅስ ሰው፣ ከሰባት ዓመት ልጅ መጽሐፍ «አሊፍ፣ ባ» እያለ መቁጠር ጀመረ። እኔ ይህን በሳቅ አለፍኩት። አጥናፉ ግን የሳቀበትን ልጅ ሁሉ መልክ ይይዝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሆዳችን ከዳን። መጀመሪያ እኔን ያዘኝና ሦስት ቀን በደረጃው ላይ ሲያስሮጠኝ ሰነበተ። ነባሮቹ ተማሪዎች «ለአዲስ መንገደኛ ሁሉ የሚደርስ ነው፤ ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ፤ ጥሬ ቅጠል አትብሉ» አሉን። እኔ ሰማሁ፤ ዳንኩ። አጥናፉ ሲያመው ግን ምክር የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ቁርጠት ያዘው፤ ተቅማጡ ደም ቀላቀለ። «ኮሶ ነው» አለኝ። በእኛ አገር ሆድ ሲታወክ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮሶ ነውና እኔም አልተከራከርኩትም። እንዲያውም ድንጋይ ፈልጌ የወቀጥኩለት እኔ ነኝ። ጧት በባዶ ሆዱ ጠጣው። በዚያ ላይ «የግብፅ ኮሶ ሳይበረታ አይቀርም» ብሎ እጥፍ አድርጎ ነው የጠጣው።

ያን ቀን የሆነውን ዘርዝሬ አላሳፍረውም። በሚሮጥ ሆድ ላይ ኮሶ መጠጣት የወረደን ጎርፍ ቦይ ቀድዶ እንደ መርዳት ነው። ከቀትር በኋላ ደረጃው መካከል ወድቆ አገኘነውና አራት ሆነን ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው።

ሐኪሙ ነጭ ፀጉር ያለው ግብፃዊ ነበር። የተረፈውን ኮሶ ባሳየሁት ጊዜ አሸተተው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አሸተተውና በመስኮት ወረወረው። መድኃኒት ሰጠው፤ እርጎና የዶሮ መረቅ እንዲጠጣ አዘዘ። ወሩ ኅዳር ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቷል። አጥናፉ መረቁ ሲመጣለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ኧረ ጠጣ፤ ለታመመ ይፈቀዳል» አልኩት።

«ጾም ገድፌ የዳንኩ እንደሆነ እግዜር ከደምሌ ጋር ይቆማል» አለኝ።

በሩዝ ውሃና በጨው ሰነበተ። ዐይኑ ጎደጎደ፤ እጁን ሲያነሣው አጥንቱ ይታያል። ሐኪሙ አንድ ቀን ከበር ውጭ ጠርቶኝ ዘመድ ካለው ይነገረው አለኝ። ስመለስ አጥናፉ በትኩሳት ውስጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ አልኩ። «ደምሌ ቆሞ እኔ አልተኛም፤ ደምሌ ቆሞ እኔ አልተኛም» ነው የሚለው። ኋላ ሲድን ሐኪሙ መድኃኒቴ ነው ያዳነው ብሎ ነበር። ይበል። እኔ አጠገቡ ነበርኩና ያዳነውን አውቃለሁ፤ ጥላቻ ነው ያዳነው።

ያን ቀን ማታ አደራዬ ትዝ አለኝና ለእመት ይታይሽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሊሞት ነው ብዬ እንዴት ልጻፍ? እንዳይደነግጡ ብዬ ቃሉን መረጥኩ። «እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ገብተናል፤ አጥናፉ ግን ትንሽ ታሟልና በጸሎት አስቡት» አልኩ። እሱ ብዕር መያዝ ስላልቻለ ፊርማው የእኔ፣ የእጅ ጽሕፈቱም የእኔ ሆነ። ደብዳቤውን ዘግቼ ስልከው ብልህ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሞኝነቴን ስሙ። በእኛ አገር የሩቅ ሰው ሞት በወረቀት አይነገርም። ልጅሽ ሞተ ብሎ የሚጽፍ ሰው እንደ አውሬ ይቆጠራል። «ትንሽ ታሟል» ተብሎ ይጻፋል፤ ደብዳቤውን ያነበበው ካህን ያቀረቅራል፤ ሽማግሌዎች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ይሄዱና ያረዳሉ። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ለአክስቴ የተላከላት ቃል ይኸው ነበር። ግብፅ ሁለት ወር ስቀመጥ እንዴት እንደጠፋብኝ አላውቅም።

አጥናፉ በጥር ተነሥቶ ቆመ። «ዳነ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ፈተና መጣ፤ ከፈተናው በኋላ ሙቀት መጣ፤ ከአገር ደብዳቤ ሲቀርም መንገዱ ነው አልን። እሱም እናቱ እንዳሉት ወረቀት የሚጽፍ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ አዲስ ተማሪዎች መጡ። ከእነሱ አንዱ አንዳርጌ የሚባል የላይ ጋይንት ልጅ ነው፤ ቤተ ልሔም ከእኛ በታች ይማር ነበር። የአገር ሰው መጣ ብለን ግቢው በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ፤ እኔን አገላብጦ ሳመኝ። ወደ አጥናፉ ሲዞር ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። ሦስት ጊዜ አማተበ።

«ምን ሁነሃል?» አለው አጥናፉ።

«ኧረ አንተ... ተዝካርህን በልቻለሁ እኮ!»

«የማንን ተዝካር?»

«ያንተን ነዋ! በግንቦት፣ ዐሥራ ሁለት ተማሪ ሁነን ከቤተ ልሔም ስማዳ ሂደን። ፍትሐት ላይ ቁሜልሃለሁ። በሬ ወድቆ ነበር፤ ጠላውም...» ብሎ አቋረጠው።

«ጠላውም ምን?»

«ጥሩ ነበር» አለ አንዳርጌ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሳቄ አመለጠኝ። ለቆሎ ተማሪ ተዝካር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይፈርድልኛል። አጥናፉ ግን አልሳቀም። በሬውን ማን እንዳረደ ጠየቀ።

«አጎትህ፣ አያ ደምሌ ናቸው። መሬታችሁንም አሁን እሳቸው ናቸው አሉ የሚያርሱት።»

«እናቴስ?»

«ጠጉራቸውን ተላጭተው መንኩሰዋል።»

አጥናፉ ደረጃውን ወጣ። ተከተልኩት። ነገሩ የገባኝ ደረጃው ላይ ነው፤ «ትንሽ ታሟል» ያልኩት እኔ። ክፍል ስገባ ወረቀትና ብዕር አወጣሁ። «ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩት። እጁን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«አትጽፍም» አለኝ። «ብትጽፍ ምን ይሆናል? ደምሌ እሰይ የወንድሜ ልጅ ተረፈ ብሎ ከመሬቱ ይወጣል፤ አገሩም ይመርቀዋል። እኔ ይህን አልፈልግም። ይብላው። ሦስት ዓመት ይረሰው፤ ይጥገብበት፤ የኔ ነው ይበል። ከዚያ አውድማው ላይ እንዳለ እደርስበታለሁ።»

«እናትህስ?»

ብዕሩን ከእጄ ወሰደው። ከዚያ «እናቴ የሦስት ዓመት ኀዘኗን በአንድ ቀን ትረሳዋለች» አለኝ።

ዳዊቱን አወጣና እኔንም አንዳርጌንም በቤተ ልሔም ታቦት አስማለን፤ ስለ እሱ አንዲት ቃል ወደ አገር እንዳንጽፍ። አንዳርጌ ፈርቶ ማለ። እኔ ግን ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የማልኩት። ሰው ከተዝካሩ በኋላ ተነሥቶ ጠላቱ ፊት ሲቆም ማየት ያማረኝ ከእሱ ይልቅ እኔን ነበር። አደራ የሰጡኝን ሴትዮ በዚያች ሰዓት አላስታወስኳቸውም።

ሦስቱ ዓመታት ለአጥናፉ ተስማሙት። ውሃውን ሳያፈላ የማይጠጣ፣ ፍሬ ሳያጥብ የማይበላ ሰው ሆነ፤ ደምሌን ሳያይ መሞት ስላልፈለገ ነው። ዐረብኛውን ከሁላችን ቀድሞ ያዘ። ወሮቹን በአገር እርሻ ነበር የሚቆጥራቸው። «አሁን እያረሰልኝ ነው፤ አሁን አረም ላይ ነው፤ አሁን እያጨደልኝ ነው» ይላል። በዚያን ቀን የሚናገረውን ቃል ደግሞ እንደ ዜማ ያጠናው ነበር፤ «አያ ደምሌ፣ ተዝካሬ ጣመዎ?» የምትል ናት። አንዳንዴ ከፍ አድርጎ፣ አንዳንዴ ዝቅ አድርጎ ይለኛል፤ የቱ ይሻላል ብሎም ያማክረኛል። ዝቅ ያለው ይሻላል አልኩት።

ለካ ብቻውን ሲሆን ሌላ ነገርም ያደርግ ኖሯል። አንድ ቀን፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ሳላንኳኳ ስገባ ጠረጴዛው ላይ «ይድረስ ለእናቴ» የሚል ወረቀት አየሁ። ሲያየኝ ቀደደው። ያን ጊዜ «ጨርሰው፤ መሐላህን እኔ እሸከምልሃለሁ» ብለው ኖሮ ይጨርሰው ነበር። ምንም አላልኩም። እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው ስለዚያች ዝምታ ነው።

በ1946 ታኅሣሥ አገራችን ገባን። ከደብረ ታቦር በበቅሎ እስቴ ደረስን፤ እናቴ ቤት አንድ ቀን አረፍን። እኔ እዚያው መቅረት እችል ነበር፤ የጠራኝም የለም። ግን ሦስት ዓመት የተጠነሰሰ ነገር ሲቀዳ እንዴት ይቅርብኝ? አብሬው ወደ ስማዳ ወረድኩ። እሱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ይሄዳል። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ መንገዱ ሁለት የሚከፈልበት ደረስን፤ ወደ ላይ የእናቱ ቤት፣ ወደ ታች አውድማው።

«መጀመሪያ እናትህን» አልኩት።

«ወሬ ይቀድመኛል። ደምሌን ሳልይዘው እንዲያመልጠኝ ነው?» አለና ወደ ታች ታጠፈ።

አውድማው ላይ ጤፍ ይወቃል። ደምሌ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በሬዎች እየነዳ ያበራያል፤ ያ ስሙን ስሰማ የኖርኩት ደምሌ አርጅቷል፤ ወገቡ ጎብጧል። አጥናፉ እንደ አውድማ ወግ «ይባርክ» አላለም። አውድማው ጫፍ ላይ ቆሞ ጋቢውን ከፊቱ አነሣ። ጎረቤቶቹ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ጭዱ ሸሹ። ደምሌ አልሸሸም። መንሹን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«አያ ደምሌ፣ ተዝካሬ ጣመዎ?» አለ አጥናፉ። ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፤ አምሮለታል። እኔ በልቤ አጨበጨብኩ።

ደምሌ ቀስ ብሎ መጣ። የአጥናፉን ክንድ ያዘ፤ ጨበጥ፣ ለቀቅ አደረገው።

«ሥጋ ነህ?» አለው።

«ሥጋ ነኝ።»

«አልበላሁትም» አለ ደምሌ። «ተዝካርህን አንድ ጉርሻ አልበላሁም። ወረቀቱ ታሟል ነው እሚል፤ ታሟል ካለ እንጠብቅ፤ ደብረ ታቦር ሂጄ ላስጠይቅ ብዬ እናትህ እግር ላይ ወደቅሁ። እሷ ግን ለእናት ሞተ ብሎ ማን ይጽፋል፤ ትንሽ ካለማ አልቋል አለችኝ። መርዶ አይመረመርም ብላ አስገዘተችኝ። ተዝካሩን ላውጣለት ስትል የማርስበትን በሬ ሰጠኋት። ምን ላርግ? የወንድሜ ደም በኔ ላይ ነው፤ እምቢ እምልበት አፍ የለኝም።»

«መሬቱስ?» አለ አጥናፉ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«አርስልኝ አለችኝ፣ አረስኩላት። እህሉን እሷው ናት ባንተ ስም ለነዳያን የምትሰጥ።»

አጥናፉ ወደ እኔ ዞረ። አራት ዓመት ያየሁት ዐይን አልነበረም፤ ባዶ ነበር። እኔም የማየው ቦታ አጣሁ። ቀጥሎ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «በል እናቴ ዘንድ ልሂድ» አለና ወደ ዳገቱ ተነሣ።

«ቆይ ልጄ፤ ቁጭ በል እስቲ» አለው ደምሌ።

በእኛ አገር መንገድ የጀመረን ሰው ቁጭ በል ብለው ሲያቆዩት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አጥናፉም አወቀው። አልተቀመጠም።

«መቼ?» አለ።

«በሐምሌ። አምስት ወሯ ነው።»

«ምን አገኛት?»

«ምንም። ጾም ነው። እሚቀመስ ነገር ይዘን ስንሄድ ልጄ የት በላና ትለናለች። ጹማ ጹማ አለቀች።»

በሬዎቹ ነጂ አጥተው አውድማው መሃል ቆመው ነበር። ጎረቤቶቹም ከጭዱ ወጥተው ጠጋ ብለዋል፤ አንደኛው አሁንም ያማትባል። አጥናፉ ምን ብላ ሞተች ብሎ ጠየቀ። ደምሌ መንሹን መሬት ላይ አስተኛና ፊቱን በእጁ ጠረገ።

«የዚያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር የዋለች። እጄን ይዛ፣ ደምሌ ወንድሜ አታልቅስ፤ ልጄ ዘንድ ነው እምሄድ፤ ብቻውን ከረመ አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለፈች።»

ከዚያ የወንድሙን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አየው። በድምፁ ውስጥ ቁጣም ወቀሳም አልነበረም፤ ቢኖር ለአጥናፉ በቀለለው ነበር።

«እዚያ ስትደርስ አጣችህ እኮ፣ ልጄ» አለው።